የወላጅን እጅ የሚያሠለጥን የአራት ኪሎ ፀጉር ቤት

ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለው ፎቅ፣ በሩ ላይ «የሴቶች ፀጉር ሥራ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ስም ያልተለጠፈበት አነስተኛ ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ሲሆኑ ደንበኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ ቀድሞ ፒያሳ ይሠሩ ነበር፣ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲነሣ ወደዚህ ተዛወሩ። እኔና ባለቤቴ በጉዲፈቻ የምናሳድጋትን ልጃችንን ይዘን ወደዚህ ቤት መመላለስ ከጀመርን በጋም ክረምትም አልፎብናል። ይህን የምጽፈው ቤቱ ከሌሎች የሚለይበትን አንድ አገልግሎት እንደ እኛ ላሉ ወላጆች ለማስተዋወቅ ነው። እርሱም የልጅን ፀጉር አጥቦና ሠርቶ ከመስጠት ጋር ወላጅን አጠገብ አስቀምጦ፣ ማበጠሪያውን አስይዞ፣ እስኪለምድ ድረስ ማስተማር ነው።

«ኢትዮጵያዊት እናት የኢትዮጵያዊት ልጇን ፀጉር ለመያዝ ምን ትምህርት ያስፈልጋታል?» ብሎ የሚጠይቅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄው ለእኛም ብዙ ጊዜ ቀርቦልናል። የውጭ ሀገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከቀረ ወዲህ በጉዲፈቻ የሚያድጉ ልጆች የሚያድጉት በሀገራቸው፣ በእኛው ቤት ነው። ቀድሞ ልጆቹ ባሕር ተሻግረው በሚሄዱበት ዘመን የፀጉር አያያዝ ምክር የሚሰጠው ለፈረንጅ ወላጆች ነበር፤ እኛ ግን የአንድ ሀገር ሰዎች በመሆናችን ብቻ እንደምናውቅ ይቆጠራል። ነገር ግን የሀገራችን ሰው ፀጉር አንድ ዓይነት አይደለም። የእኔ ወገኖች ፀጉር ለስላሳና ሲበጠር ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ የባለቤቴም ቤተሰብ እንዲሁ ነው። ልጃችን የተወለደችው ጋምቤላ ሲሆን፣ ፀጉሯ ከሥሩ ጀምሮ በብዕር ውስጥ እንዳለ ሞላ ጥብቅ ብሎ የተጠመዘዘ፣ ጥቅጥቅ ያለና እጅግ የሚያምር ነው። እናቴ እኔን ያሳደገችበት ማበጠሪያና ልማድ ለዚህ ፀጉር የተሠራ አይደለም፤ በጥረትና በፍቅር ብቻም የሚሞላ ጉድለት አይደለም፣ ከሚያውቅ ሰው እጅ መማርን ይጠይቃል።

የእኛን ጉዳይ ይበልጥ አሳሳቢ ያደረገው ልጃችን ወደ ቤታችን የመጣችው ፀጉሯ ተላጭቶ መሆኑ ነው። ብዙ ሕፃናት በአንድነት በሚያድጉበት ቦታ ቅማልና ቆረቆር እንዳይዛመት ፀጉርን ማሳጠር የተለመደ ነው፤ አንዲት ሞግዚት የዚያን ሁሉ ልጅ ራስ በየዕለቱ ልታበጥር አትችልምና በዚህ የምወቅሰው ሰው የለም። ሆኖም ይህ ፀጉር ልጃችን የእኔ የምትለው የመጀመሪያ ፀጉሯ ነው። መቀስ ባየች ቁጥር ሁለት እጆቿን አናቷ ላይ ትጭን ነበር። ስለዚህ ዘመድ አዝማድ «ለምን ትሠቃያለች፣ ላጯትና ይገላገል» ሲል ምክሩን መቀበል ፈጽሞ አልቻልንም፤ የፈለግነው ፀጉሩን ጠብቆ፣ ልጅቷንም ሳያስለቅስ የሚይዝ ሰው ነበር።

እትዬ ፀጉሯን ከመንካታቸው በፊት ስለ ፀጉሩ ጠባይ አስረዱን፤ በሌላ ጊዜ ያነጋገርናቸው የቆዳ ሐኪምም ይህንኑ አረጋግጠውልናል። ከርዳዳ ፀጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ራሱ ከቆዳ በታች የተጠማዘዘ ነው፤ ዘለላው ተቆርጦ በማጉያ ቢታይ ደግሞ ሞላላና ጠፍጠፍ ያለ ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ ያለ ችግር እስከ ጫፍ ሲወርድ፣ በተጠማዘዘው ፀጉር ላይ ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከሥሩ አካባቢ አይርቅም፤ ጫፉ ደርቆ የሚቀረው ለዚህ ነው። ዘለላው በየመታጠፊያው ደካማ በመሆኑም በደረቁ ሲበጠር ከዚያው ላይ ይሰበራል። «የዚች ልጅ ፀጉር አያድግም» የሚባለው በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። የሰው ፀጉር በአማካይ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የከርዳዳ ፀጉር ዕድገት ከዚህ ጥቂት ዝቅ ቢልም አይቆምም፣ ነገር ግን በሥሩ ያደገውን ያህል በጫፉ ከተሰበረ ርዝመቱ ለዓይን ባለበት የቆመ ይመስላል። ከዚህም ሌላ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ርጥብ ሆኖ ሲሳብ ትከሻ የሚነካ ፀጉር፣ ደርቆ ሲሰበሰብ ከጆሮ ላይወርድ ይችላል። የአዲስ አበባ አየር ራሱ ጫና አለው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች እንደመሆኗ ፀሐይዋ ብርቱ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስም ከፀጉር ላይ ርጥበትን ይወስዳል። ይህን ሁሉ በረጋ ድምፅ፣ ልጅቷም እየሰማች ነው የነገሩን፤ ስለ ፀጉሯ የተነገረው ሁሉ ማብራሪያ እንጂ አቤቱታ እንዳልሆነ እርሷም የገባት ይመስለኛል።

ትምህርቱ የሚጀምረው በውሃ ነው። ልጅቷ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ከጎኗ እቆማለሁ፤ እትዬ ከኋላዋ ይሆናሉ። ለብ ያለ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ ፀጉሯ ላይ ይረጫል፣ ፀጉሩ እስኪከብድና እስኪለሰልስ ድረስ ይጠበቃል። ከዚያ በአራት ክፍል ተከፍሎ ሦስቱ ክፍሎች ለየብቻ ተጠቅልለው በመቆንጠጫ ይያዛሉ። በቀረው ክፍል ላይ ኮንዲሽነር በብዛት ይቀባና መጀመሪያ ጣት ይገባበታል፤ ማበጠሪያ የሚነሣው ጣት ትላልቆቹን ቋጠሮዎች ካላላ በኋላ ነው። ማበጠሪያውም ጥርሱ ሰፊና ጫፉ የማይወጋ ነው፣ ሥራውንም የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ይበጠራል፤ ያ ሲለቅቅ ትንሽ ከፍ ይባላል፤ እንዲህ እየተባለ ወደ ሥር ይደረሳል። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የግራ እጅ ሥራ ነው። «ልጄ፣ በግራሽ ሥሩን ጨበጥ አድርገሽ ያዥ፤ ስትጎትቺ እጅሽ ይጎተት እንጂ የልጅቷ ራስ አይጎተት» አሉኝና እጄን በእጃቸው ይዘው አሳዩኝ። ከቋጠሮው በላይ ያለው ፀጉር በጡጫ ሲያዝ ስበቱ የራስ ቆዳዋ ላይ አይደርስም። ልጃችን የምታለቅሰው ፀጉሯ ስለተነካ ሳይሆን ሥሩ ስለሚጎተት እንደነበረ ያን ጊዜ በዓይናችን አየን፤ አንዱ ክፍል ተበጥሮ እስኪያልቅ ድረስ እትዬ የሰጧትን ኩኪስ እየበላች በመስተዋቱ ውስጥ ታየን ነበር።

ሁለተኛውን ክፍል እኔ እንድሠራ ሰጡኝ፤ ሦስተኛውን ለባለቤቴ። በብዙ ሴቶች ፀጉር ቤት ወንድ ሲገባ የሚፈጠረው መሸማቀቅ እዚህ የለም። ይህን የምጠቅሰው በጉዲፈቻ የሚያሳድጉ አባቶች፣ ይልቁንም ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት የሚያገኙበት ቦታ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። እትዬ ባለቤቴን «ጌታዬ፣ አይፍሩ፣ አይሰበርም» እያሉ ከጫፍ አስጀመሩት። ዛሬ በቤታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀጉሯን የሚያፍታታው በአብዛኛው እርሱ ነው፤ ትዕግሥቱ ከእኔ ይበልጣል።

ስለ እጥበት የሚሰጡት ምክር አጭርና ጠቃሚ ነው። እንዲህ ያለ ፀጉር በየቀኑ በሻምፖ አይታጠብም፤ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። በየመሐሉ ውሃ ብቻ ወይም ውሃና ኮንዲሽነር በቂ ነው። የልብስና የገላ ደረቅ ሳሙና ፀጉር ላይ እንዳይደርስ አጥብቀው ይከለክላሉ። ምክንያቱ ሳሙና ከራስ ቆዳ ተፈጥሯዊ አሲዳማነት ጋር የማይስማማ አልካላይን ስለሆነ የፀጉሩን የላይኛውን ሽፋን ከፍቶ ያሻክረዋል። ውሃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ደግሞ ከሳሙናው ጋር ተዋሕዶ ነጭ ቅሪት ትቶ ይሄዳል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ ከከርሰ ምድር በሚወጣው ውሃ በሚገለገሉ ሰፈሮች ይህ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ቤቱ በጣሪያው ላይ ሮቶ ስላለው ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት እንኳ እጥበት አይቋረጥም፤ መብራት ሲጠፋ ግን ውሃው በጋዝ ምድጃ ላይ እስኪሞቅ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ቅባቶቹን በተመለከተ እዚህ ያገኘሁት መሠረታዊ እውቀት ቅባት ፀጉርን አያርስም የሚለው ነው። የሚያርሰው ውሃ ነው፤ ቅባት ሥራው የገባውን ውሃ እንዳይወጣ መሸፈን ነው። ስለዚህ በደረቀ ፀጉር ላይ የፈለገውን ያህል ቫዝሊን ወይም ቅቤ ቢለጠፍ ፀጉሩ ያብረቀርቃል እንጂ አይለሰልስም። ለልጃችን የመረጡላት ሺያ በተር ነው፤ በርጥብ ፀጉር ላይ፣ በመዳፍ መካከል እስኪቀልጥ ታሽቶ፣ በጥቂቱ ይቀባል። የሺያ ዛፍ በሀገራችን የሚበቅለው በጋምቤላ ሲሆን፣ ከምሥራቅ አፍሪካው ዝርያ የሚወጣው ቅቤ ከምዕራብ አፍሪካው ይልቅ ለስለስ ያለና በሰውነት ሙቀት ቶሎ የሚቀልጥ ነው። እትዬ ማሰሮውን ለልጃችን ሰጥተው «ይህ ካንቺ ሀገር የመጣ ነው፣ አሽትቺው» ሲሏት የልጅቷ ፊት እንዴት እንደበራ ለመግለጽ ይቸግረኛል። እኛ በቤት ውስጥ ስለተወለደችበት ምድር የምንነግራት ነገር በካርታና በሥዕል የተወሰነ ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ በእጇ የምትይዘውና የእኔ የምትለው ነገር አላት።

የጉሎ ዘይትም ያዘጋጃሉ። ወፍራም ስለሆነ ለጫፍ ጥሩ ሽፋን ይሆናል፤ ፀጉርን ያሳድጋል ተብሎ የሚወራው ግን በጥናት የተረጋገጠ አይደለም፣ ለዚህ ተብሎ ባይገዛ ይሻላል። ከሁሉም ርካሹና እኔ በቤቴ ዘወትር የምሠራው ተልባ ነው፤ ተልባው በውሃ ተፈልቶ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ በትኩሱ ይጠለላል፤ የቀዘቀዘው ዝልግልግ ፀጉሩን ሳያደርቅ ቅርጹን ይዞ ያቆየዋል። ችግሩ ቶሎ መበላሸቱ ነው፤ በማቀዝቀዣ ተቀምጦም ከሳምንት ብዙ አያልፍም። ለጋ ቅቤን ለሚወዱ ይቀባሉ እንጂ ለልጅ አይመክሩም፤ ለዚህም የሚሰጡት ምክንያት በገበያ ላይ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ መብዛቱና በትምህርት ቤት ፀሐይ ላይ ቀልጦ አንገቷ ላይ መውረዱ ነው። እኔ በቅቤ ያደግሁ ብሆንም በዚህ እስማማለሁ።

ወደ ሹሩባው ስመጣ ምስጋናዬም ወቀሳዬም እዚህ ነው። ከሠራተኞቹ አንዷ ሙያውን ያዳበረችው በአፍሪካ ኅብረትና በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አካባቢ የሚሠሩ የምዕራብ አፍሪካ ቤተሰቦችን ልጆች እየሠራች ነው፤ እጇ ፈጣን፣ መስመሯ ቀጥ ያለ፣ አያያዟም ለስላሳ ነው። ሠርታ እንደጨረሰች ልጅቷን «ቅንድብሽን ከፍ አድርጊ» ትላታለች። ልጅቷ ቅንድቧን ስታነሣ የግንባሯ ቆዳ ከተወጠረ ወይም ፊቷን ካኮሳተረች ሹሩባው ጠብቋል ማለት ነውና ያንን መስመር ያለ ክርክር ፈትታ እንደገና ትሠራዋለች። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ አይደለም። በተወጠረ ሹሩባ የሚጎተት ሥር መጀመሪያ ይቆጣል፣ በፀጉሩ መነሻ ዙሪያ ትናንሽ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ከዚያም በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ፀጉሩ ይሸሻል። በጊዜ ከተላላ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ፀጉሩ ዳግም ላይበቅል ይችላል። በሠፈራችን ብዙ ሴቶች ገና በጎልማሳነታቸው ግንባራቸው የገባው በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ «ሁለት ቀን ነው የሚያምሽ፣ ትለምጂዋለሽ» የሚለው አባባል ከልጆቻችን ራስ ላይ ሊነሣ ይገባል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥንቃቄ በሁሉም ሠራተኞች ዘንድ እኩል አይደለም። ቅዳሜ ወረፋው ሲበዛ ልጃችን ለሌላ ሠሪ ተሰጥታ የጠርዙ መስመር በጣም ጠብቆ ተሠርታ ነበር፤ ቅንድብሽን አንሺ ያላትም አልነበረም። ለእትዬ ስነግራቸው ወዲያው አስፈትተው ራሳቸው ሠሩላት፣ ይቅርታም ጠየቁ፤ ሆኖም ወላጅ ባይናገር ኖሮ ልጅቷ እንዲሁ ትሄድ ነበር። በቤቱ ውስጥ ያለውን ጥሩ ሥርዓት ለሁሉም ሠራተኛ ግዴታ ማድረግ የእትዬ ኃላፊነት ነው። ለሕፃናት ቅጥያ ፀጉር አለመጨመራቸውን ግን አደንቃለሁ፤ ክብደቱ ሥሩን ይጎትታልና። ዶቃም ቢሆን ቀለል ያለውን ከጫፍ በጥቂቱ ብቻ ነው የሚያስሩላት፤ ሹሩባውንም ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይፈታ እንዳይቆይ ያሳስባሉ።

በዚህ አጋጣሚ ከትምህርቱ ውጪ የሆነ ነገር ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው አለ። ያቺ እጇ ለስላሳ የሆነችው ሠሪ ስትሠራ ለልጆች ታሪክ ታወራለች። ልጃችን «ሹሩባ የሴት ብቻ ነው?» ብላ ስትጠይቃት የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል በስልኳ አሳየቻት፤ በመቅደላ የተወሰደው የንጉሠ ነገሥቱ ቁንዳላ ከለንደን በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሱንም ነገረቻት። ልጃችን ያን ዕለት ወደ ቤት የገባችው «እንደ ቴዎድሮስ ሦስት ትልልቅ» ተሠርታ ነው።

ቤቱ ምን እንደማይሠራም ማወቅ ጠቃሚ ነው። ለሕፃናት ሪላክሰር አይቀቡም፣ ወላጅ ቢለምንም ቢከፍልም አይቀቡም። እነዚህ ማለስለሻዎች እንደ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለ ብርቱ አልካላይን የያዙ ናቸው፤ የፀጉሩን የውስጥ ትስስር እስከ መጨረሻው ይበጥሳሉ፣ የራስ ቆዳንም ሊያቃጥሉ ይችላሉ። በፒያስትራ ማስተኮስንም ለልጅ አይፈቅዱም። ሌላው ክልከላቸው ስለ ቆረቆር ነው። በልጅ ራስ ላይ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ የሚያሳክክና ቅርፊት ያለው ቦታ ካዩ አይሠሯትም፤ ወላጅን ለብቻ ጠርተው በዝግታ ይነግሩና ወደ ቆዳ ሐኪም ይልካሉ። ቆረቆር በፈንገስ የሚመጣ ስለሆነ በጋራ ማበጠሪያና ምላጭ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባም የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፣ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይታዘዛል። ነጭ ሽንኩርት ሲቀቡ ከርመው ጊዜ ካለፈ በኋላ ወደ ሐኪም የሚመጡ ልጆች ብዙ ስለሆኑ የእትዬን ጥብቅነት እደግፈዋለሁ። ማበጠሪያዎቹ ከእያንዳንዱ ልጅ በኋላ ታጥበው በመድኃኒት ሲነከሩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የራስን ማበጠሪያ ይዞ መምጣትም ያስመሰግናል።

ስለ ሌሊት አያያዝ የሰጡን ምክር በቤታችን ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። የጥጥ ጨርቅ፣ የትራስ ልብስም ሆነ ነጠላ፣ ከፀጉር ላይ ርጥበትን ይመጥጣል፣ በመፋተግም ይሰብረዋል፤ ሳቲን ግን ያንሸራትተዋል። ቤቱ በመርካቶ ሳቲን የተሰፋ የልጅ የመኝታ ቆብ ይሸጣል፤ ስፌቱ ጥሩ ነው፣ ላስቲኩ ግን ለትንሽ ራስ ይጠብቃልና አላልተው ማሰፋት ይኖርባችኋል። በቀዝቃዛ ጠዋት ለትምህርት ቤት የሚለበሰውን የሱፍ ቆብም ውስጡን በሳቲን አስገብሩት፤ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ይሠራዋል።

ጉድለቶቹን በግልጽ ልጨርስ። በመደርደሪያው ላይ «ፀጉር አሳዳጊ» ተብሎ የሚሸጥ ድብልቅ ዘይት አለ፤ በውስጡ ምን እንዳለም ሆነ የተዘጋጀበት ቀን አልተጻፈበትም። ሌላውን ሁሉ በምክንያት የሚያስረዱ ሴት ይህን መሸጣቸው አይመጥናቸውም፤ አትግዙት። ቴሌቪዥኑ ከልክ በላይ ይጮኻል፣ ድምፅ የሚያስደነግጠው ልጅ ያለው ወላጅ እንዲቀነስ ይጠይቅ፤ ሲጠየቁ ይቀንሳሉ። ደረጃው ጠባብና መደገፊያ የሌለው ስለሆነ ከትንሽ ልጅ ጋር ጥንቃቄ ይሻል። የማስተማሪያው ዋጋ ከተራ ሹሩባ እጥፍ ገደማ ነው፤ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ በመሆኑና ከተማሩ በኋላ አብዛኛውን ሥራ በቤት ስለሚሠሩት በእኔ ግምት ተገቢ ዋጋ ነው። ደረሰኝ ግን ጠይቃችሁ ካልሆነ አይሰጡም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ወደዚህ ቤት የሚመልሰን ለልጃችን የሚሰጡት ክብር ነው። ፀጉሯን ከመንካታቸው በፊት «ልንካው?» ብለው ይጠይቋታል፤ አይሆንም ካለች ይጠብቋታል። እርሷ እየሰማች «ይህ ፀጉር አስቸጋሪ ነው» የሚል ቃል ከአንዳቸውም አፍ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ወረፋ የምትጠብቅ ሴት እኔንና ልጃችንን አስተያይታ «ይህች ደግሞ የማን ናት?» ስትል እትዬ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «የእናቷ ናት፣ እዚያ የቆመችው» አሏትና ወሬው በዚያው ተዘጋ። በጉዲፈቻ የሚያሳድግ ሰው ይህን ጥያቄ በታክሲ፣ በሠርግ ቤትና በሐኪም ቤት ይሰማዋል፤ ልጅ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ፣ በራሷ ፊት እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥላት መስማቷ ለእኔ ከማንኛውም ሹሩባ ይበልጣል።

ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ የመጀመሪያውን ቀን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት አድርጉት፤ እትዬም ያቺ እጇ ለስላሳ የሆነችው ሠሪም በእነዚህ ቀኖች ይገኛሉ፣ ወረፋም የለም። ልጅቷ ቁርሷን በልታ ትሂድ፣ የምትወደውን መጫወቻም ያዙላት። የቆየ ሹሩባ ካላት በቤት አትፍቱት፤ አፈታቱ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው። ወላጅ ጥፍሩን አሳጥሮ፣ ቀለበቱን አውልቆ ይሂድ፤ ሁለታችሁም የምታሳድጉ ከሆነ ሁለታችሁም ሂዱ። በእንቁጣጣሽ፣ በጥምቀትና በፋሲካ ዋዜማ ሳምንት ግን ቀጠሮ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ፤ በእነዚያ ቀኖች ቤቱ ይሠራል እንጂ ለማስተማር ጊዜ የለውም። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ደውሉ።